ሊኑክስ በፍላሽ ተፈተነ፣ በፍላሽ ተፈረደበት

ሰሞኑን ብዙ ሰው የሚቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አበቃ ሲባል ይሰማል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም ይለዋል። እስቲ ሊኑክስ የሚሉትን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልየው ብሎ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ፍላሽ ላይ ያደርጋል፣ ከፍላሹ ያስነሳዋል፣ ሲነካካው ያመሽና «ለቤት ኮምፒውተር አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ይንቀራፈፋል፤ ያስተካከልኩት ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ ዋይፋይ አይሠራም፤ ያለ ተርሚናል (ትእዛዝ እየጻፉ ኮምፒውተሩን የሚያዙበት መስኮት) ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ወርድ፣ ፎቶሾፕና ጌም የለም፤ ሰዓቴን አበላሸብኝ፤ ነጻ ነገር ደግሞ አይታመንም። መጨረሻ ላይ ለአንባቢው የሚሰጠው ምክር «ተስተካክሎ የተሠራ ዊንዶውስ 11 ከነአክቲቬተሩ አውርዳችሁ ጫኑ» የሚል ነው፤ አክቲቬተር ያልተከፈለበትን ዊንዶውስ እንደተከፈለበት የሚያስመስል ፕሮግራም ነው።

ጸሐፊው በክፋት የጻፈው አይመስለኝም። አንዳንዱ ነገርም እውነት ነው፣ እሱን እሱን እቀበላለሁ። ግን ከቅሬታዎቹ ግማሽ ያህሉ የፍላሹ እንጂ የሊኑክስ አይደሉም። ይባስ ብሎ የማያስፈራውን ሁሉ ሲያስፈራራን ቆይቶ፣ በእርግጥ የሚያስፈራው ቦታ ላይ ሲደርስ አንድም ነገር ሳይል አልፎታል። እንዲያውም አንባቢውን ወደዚያው ገፍቶታል።

ከመንቀራፈፉ እንጀምር። ፋየርፎክስን ጠቅ አድርጎ እስኪከፈት ድረስ ስልኩን ሲነካካ እንደቆየ ይነግረናል። አምነዋለሁ። ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ ፋይሎቹ በሙሉ ተጨምቀው ያሉት እዚያው ፍላሽ ላይ ነው። አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ ከፍላሹ ያነባል፣ የተጨመቀውን ይፈታል፣ ከዚያ ራም ላይ ያስቀምጠዋል። የዩኤስቢ 2.0 ፍላሽ ቢበዛ ቢበዛ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚያነበው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ማስቀመጫ፣ ተራ የሚባለው ሳታ ኤስኤስዲ እንኳ፣ ግን 500 አካባቢ ያነባል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲጫን የሚኖረውን ፍጥነት በዚህ ፍላሽ መለካት አይቻልም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለው። ፋየርፎክስን ክፈቱ፣ ዝጉት፣ መልሳችሁ ክፈቱት። መጀመሪያ ያ ሁሉ ጊዜ የፈጀው ነገር በሁለተኛው ቶሎ ከተከፈተ ችግሩ ፍላሹ ነው፤ ምክንያቱም አሁን የተነበበው ከፍላሹ ሳይሆን ከራሙ ነው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ያው ከሆነ ግን ወይ ራሙ አንሷል ወይ ፕሮሰሰሩ ደክሟል፣ ያኔ ጸሐፊው ልክ ነው ማለት ነው። ይህቺን ሳይሞክር ፍርድ መስጠቱ ነው የከነከነኝ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራም ነው ያለው ብሏል። ለእንደዚያ ዓይነት ማሽን ኡቡንቱን ከነዋናው ገጽታው መምረጡ ራሱ ጥሩ አልነበረም። ሊኑክስ አንድ ነገር አይደለም፤ በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው አለ፣ ከ2006 ጀምሮ የነበረና ኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።) እሱ ኤክስኤፍሲኢ የሚባል ቀለል ያለ ገጽታ ያለው ዓይነት አለው፤ ለደከመ ላፕቶፕ የሚመቸው እሱ ነው። ሚንት ራሱ የሚጠይቀው ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ነው፣ እንዲመቻችሁ ግን 4 ይሁን ይላል። ደግሞ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ምንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫንበት ተአምር አይፈጠርም። መጀመሪያ ኤስኤስዲ ይቀየርለት፣ የሊኑክስ ወሬ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

«ያስተካከልኩት ሁሉ ሪስታርት ሳደርገው ጠፋ» የሚለው ቅሬታ ትንሽ አስቆኛል። እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው! ለሙከራ ተብሎ ከፍላሽ የሚነሳው የሚጽፈው ራም ላይ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዊንዶውሳችሁንና ፋይሎቻችሁን ሳይነካ መሞከር የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይጫን ልየው ላለ ሰው ሳይጫን አሳየው፤ ከዚያ ደግሞ እንደተጫነ ሆኖ አልቆየልኝም ብሎ መቀየም ምን ይሉታል? እንዲቆይለት ከፈለገ መንገድ አለ። ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን ሲያዘጋጅ ለማስቀመጫ የሚሆን ቦታ መመደብ ይችላል፤ ወይም ደግሞ ከውጭ የሚሰካ ኤስኤስዲ ላይ ሙሉ በሙሉ መጫን ይችላል።

ዋይፋዩ ላይ ደግሞ ግማሽ ልክ ነው። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች፣ በተለይ ብሮድኮም የሚባሉት፣ ድራይቨራቸው (ካርዱን ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ዝግ ስለሆነ ከመጀመሪያው አብሮ ሥራ አይጀምርም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል፤ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል። መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የአንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ፣ ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። ሊኑክሱ ስልኩን እንደ ገመድ ኢንተርኔት ቆጥሮ ይገናኛል። ከዚያ ሚንት ላይ ድራይቨር ማናጀር፣ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለውን ከፍታችሁ የመጣላችሁን መምረጥ ነው። ዊንዶውስን ከባዶ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ጣጣ እንግዳው አይደለም፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ የማይታየን አምራቹ ድራይቨሮቹን ቀድሞ ስለሚጭንልን ብቻ ነው።

የጣት አሻራ ማንበቢያ ግን ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። በጣም አዲስ የወጣ ላፕቶፕም ወራት እስኪያልፉት ድረስ አንዳንድ ነገሩ ላይሠራ ይችላል። የፍላሹ ምሽት የሚጠቅመው ለዚህ ነበር። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ብሉቱዙን፣ የስክሪኑን ብርሃን መቀነሻ፣ ፕሪንተሩን አንድ በአንድ ማየት። ክዳኑን ዘግቶ ትንሽ ቆይቶ መክፈት፣ በትክክል ይነቃል ወይ ብሎ ማየት። እነዚህ ከፍላሽ ላይም ቢሆን እውነተኛ መልስ ይሰጣሉ። ጸሐፊው ግን ምሽቱን ያጠፋው የጀርባ ሥዕል ሲቀይር ነው፤ ራሱ ነው የነገረን።

ስለ ተርሚናል። ቪኤልሲን ለመጫን ከአንድ ቦታ ያገኘውን ረጅም ትእዛዝ እየገለበጠ ሲለጥፍ እንደነበረ፣ ሦስተኛው መስመር ላይም ስህተት እንደመጣበት ጽፏል። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ አልገባኝም። ኡቡንቱ አፕ ሴንተር አለው፣ ሚንት ሶፍትዌር ማናጀር አለው። ልክ ስልክ ላይ እንደለመድነው ስሙን ጽፎ፣ ጫን የሚለውን ተጭኖ፣ ፓስዎርድ አስገብቶ መጨረስ ነው። አፕዴትም እንደዚሁ በማውዝ ያልቃል። መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ተርሚናል የሚያበዙት ሌላ መንገድ ስለሌለ አይደለም። የሊኑክስ ገጽታዎች የተለያዩ ስለሆኑ «እዚህ ጋ ጠቅ አድርግ» ቢሉ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ግን ለብዙዎቹ ይሠራል። የሆነ ቀን ተርሚናል መክፈት ይመጣል፣ አይመጣም አልልም። ያኔም ቢሆን ሱዶ ብሎ የሚጀምር ምንነቱ ያልገባችሁን ነገር ገልብጣችሁ አትለጥፉ። ሱዶ ማለት «ኮምፒውተሩ ላይ የፈለግከውን አድርግ» ብሎ ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው።

ወርድ ላይ ያነሳው ነገር ይበልጥ ቁም ነገር አለው። ሲቪዬን ሊብሬኦፊስ (የወርድና የኤክሴል ነጻ ምትክ) ላይ ስከፍተው ሁለተኛ ገጽ ላይ ፈሰሰ ይላል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በፎንት ምክንያት ነው። ካሊብሪ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አብሮ አይመጣም። በምትኩ ካርሊቶ የሚባል አለ፤ የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ከካሊብሪ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ። ካርሊቶ ከተጫነ መስመሩ የሚሰበረው ወርድ ላይ በሚሰበርበት ቦታ ነው። ካልተጫነ ሌላ ፎንት ይተካል፣ ፊደሉ ትንሽ ይሰፋል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ወደሚቀጥለው ገጽ ይወርዳሉ። የጸሐፊው ሲቪ ላይ የደረሰው ይኸው ይመስለኛል።

ከዚህ ያለፈ ችግር ግን አለ። ማክሮ የበዛበት የኤክሴል ፋይል፣ ሦስትና አራት ሰው እየተቀባበለ የሚያርመው ረጅም ሰነድ፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ውስጥ ያለበት ፎርም፤ እነዚህ ሊብሬኦፊስ ላይ ይዛነፋሉ። የመሥሪያ ቤት ሰነድ ቤት ወስዶ የሚሠራ ሰው ይህን አውቆ ይግባ። በብሮውዘር የሚሠራው ነጻው ወርድ ሊኑክስ ላይም ይከፈታልና ለብዙ ሰው እሱ ይበቃል።

በአማርኛ ስለመጻፍ ጸሐፊው ምንም አላለም፤ እኛን ግን የሚመለከት ስለሆነ ጣልቃ ልግባ። ዩኒኮድ በሚባለው የዛሬው መደበኛ የፊደል አሠራር የተጻፈ አማርኛ ያለ ምንም ችግር ይነበባል፣ ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች ነጻ ናቸው። ለመጻፍ ኪማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ለሊኑክስ የተሠራ አለው፤ አይባስ በሚባለው ሌላ የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ደግሞ ቃሉን እንደ አነባበቡ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ፣ ሰላም ለማለት የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን እየተጫናችሁ። የሚያስቸግረው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ፋይል ነው። እሱ ፎንቱ ከሌለ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ያው ነው።

ፎቶሾፕ የለም። እውነት ነው። አውቶካድም የለም። እንጀራችሁ በእነሱ ከሆነ ዊንዶውሳችሁን አትልቀቁ፤ «ጊምፕ እኮ አለ» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ጊምፕ ጥሩ ነው፣ ፎቶ ለመቁረጥና ቀለም ለማስተካከል ይበቃል፣ ግን የባለሙያ እጅ የለመደውን አይተካም። ቪዲዮ ላይ ነገሩ ይሻላል፤ ኬደንላይቭ አለ፣ ብዙ ባለሙያ የሚጠቀምበት ዳቪንቺ ሪዞልቭም ለሊኑክስ የተዘጋጀ አለው። ብሌንደርም እንደዚሁ።

ጌም ላይ ያለው መረጃ አርጅቷል። ስቲም የሚባለው የጌም መደብር ባለቤት ቫልቭ በ2018 ፕሮቶን የሚባለውን ካወጣ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠሩ እጅግ ብዙ ጌሞች በስቲም በኩል ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። በ2022 የወጣው የቫልቭ የእጅ ጌም መጫወቻ፣ ስቲም ዴክ፣ ራሱ ሊኑክስ ነው። ቫሎራንትና ፎርትናይት ግን ማጭበርበር በሚከለክለው ሶፍትዌራቸው ምክንያት አይሠሩም። እነሱን ለሚጫወት ልጅ «ሊኑክስ ጭኜልሃለሁ» ብትሉት ቤት ውስጥ ሰላም አይኖርም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ፍላሹን ነቅዬ ዊንዶውስ ስከፍት ሰዓቱ ተዛብቶ ጠበቀኝ፣ ማዘርቦርዴን ነክቶታል ይላል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊደነግጥ ይችላል፣ ስለዚህ ላስረዳ። ማዘርቦርዱ ላይ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ሰዓት አለ። ዊንዶውስ እሱን እንደ አካባቢው ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት። ሊኑክስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን በራሱ ልማድ ያስተካክለዋል፤ ዊንዶውስ ሲመጣ ያንን ቁጥር በእሱ ልማድ ያነበዋል፣ ይዛባል። የተበላሸ ነገር የለም። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ «አሁን አመሳስል» የሚለውን መጫን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጠቀም ሰው ደግሞ አንዴ ሊኑክሱን የአካባቢውን ሰዓት ተጠቀም ብሎ ቢያዘው ያልፍለታል።

«ነጻ ነገር አይታመንም» የሚለው ላይ ብዙ ሰው አብሮት ይነቀንቃል፤ ማን ይከፍላቸዋል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ተማሪ ሆኖ ሲጀምረው ማንም አይከፍለውም ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) ሥራ የሚሠራው እንደ ኢንቴል፣ ጎግልና ሬድ ሃት ያሉ ድርጅቶች ደመወዝ በሚከፍሏቸው ሰዎች ነው። ለሰርቨሮቻቸው ስለሚያስፈልጋቸው ነው እንጂ ለእኛ አዝነው አይደለም። አይቢኤም በ2019 ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ለበጎ አድራጎት አልነበረም። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው ከሚመዘገቡት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች ሊኑክስ የማይጠቀም የለም። የጸሐፊው ስልክ አንድሮይድ ከሆነም ውስጡ የሊኑክስ ከርነል ነው።

አደጋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በማርች 2024 ኤክስዚ በምትባል ትንሽ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የኋላ በር ተቀብሮ ተገኘ፤ የቀበረው ሰው ለረጅም ጊዜ ታማኝ ተባባሪ መስሎ ሲሠራ የቆየ ነበር። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። በርቀት ወደ ማሽን ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው፣ ኮዱ ክፍት ስለነበረም ቆፍሮ አገኘው። መደበኞቹ የኡቡንቱና የዴቢያን (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ቅጂዎች ውስጥ ሳይገባ ተያዘ። እኔ ይህን ታሪክ እንደ ድል ብቻ አላየውም፣ ለጥቂት ነው የተረፉት።

ግን አሁን የጸሐፊውን ምክር ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። ኮዱ በይፋ የሚታየውን አትመኑ ይለንና፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ዊንዶውስ አውርዱ ይለናል። ከአክቲቬተር ጋር! ያ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» ብሎ ነው። ሊኑክስን የማይፈልግ ሰው አይፈልግ፣ መብቱ ነው። ጊዜ ለመግዛት ከሆነ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ ለዊንዶውስ 10 የቤት ተጠቃሚዎች የደህንነት አፕዴቱን እስከ ኦክቶበር 2026 አራዝሟል፤ እሱን መጠቀም ይሻላል።

መጀመሪያ ላይ ያልኩት አደጋ ይኸውላችሁ። ጸሐፊው «እንደ እኔ መሞከር ለምትፈልጉ» ብሎ የመጀመሪያ እርምጃ አድርጎ የሰጠው «ባዮስ ገብታችሁ ሴኪውር ቡትን አጥፉ» የሚል ነው። ሴኪውር ቡት ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ያለ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታወቀ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ ነው። ማጥፋቱ አያስፈልግም። ኡቡንቱም ሚንትም ሴኪውር ቡት እንደበራ ይነሳሉ። የማያስፈልግ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ዲስኩ ሳታውቁት ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሴኪውር ቡትን ስታጠፉ ዊንዶውስ አንድ ነገር ተነካ ብሎ ይጠረጥራል፤ በሚቀጥለው ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ አምጡ ይላችኋል። ቁልፉ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ወደ አካውንቱ መግባት ያቃተው ሰው ግን ፋይሎቹን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ወዶት ለመጫን የወሰነ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ አለው የሚጠነቀቅበት። መጫኛው መሀል ላይ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መጫን ወይስ ከዊንዶውስ ጎን መጫን ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ፎቶም፣ ሰነድም፣ ዊንዶውስም ይጠፋበታል። መጫኛው ያስጠነቅቃል፣ ግን «ቀጥል ቀጥል» እያለ የለመደ እጅ አያነብም። ባክአፕ ሳትይዙ እዚያ ገጽ ላይ አትድረሱ፤ ባክአፑም እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ሌላ ድራይቭ ላይ ሳይሆን ከውጭ የሚሰካ ላይ ይሁን። ጎን ለጎን ለምትጭኑ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን አጥፉት። እሱ ሲበራ ዊንዶውስ «ጠፋሁ» ቢልም በግማሽ ነው የሚተኛው፤ ሊኑክስም የዊንዶውሱን ድራይቭ ሲከፍት ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድላችሁም።

ጸሐፊው ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ክፍል እጽፋለሁ ብሏል። ጥሩ። ያንኑ ላፕቶፕ ይውሰድ፣ ባክአፑን ይያዝ፣ ሴኪውር ቡቱን እንደበራ ይተወው፣ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ይጫንበትና የዕለት ሥራውን ይሥራበት። ያኔ የተበላሸውን ቢጽፍልን አነበዋለሁ፣ በተለይ ክዳኑን ዘግቶ ሲከፍተው ምን እንደሆነ።